የጻፈላቸውን ሰው ነፍስ ይማር

የእናቴ አክስት የመቃብያንን ታሪክ አንብባ በጨረሰች ቁጥር «የጻፈላቸውን ሰው ነፍስ ይማር» ትል ነበር። ለጣዖት አንሰግድም ብለው ከተገደሉት ወንድማማቾች ይልቅ ለጸሐፊው መጸለይዋ ይገርመኝ ነበር።

እኔ ኦስሎ ተወልጄ ስላደግሁ መቃብያንን ትምህርት ቤት የተማርኳቸው በሌላ መልክ ነው። አንድ እሑድ ስቶቭነር ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሄጄ፣ «እትዬ፣ እኛ የተማርነው እኮ ሸፍተው፣ ተዋግተው ቤተ መቅደሳቸውን ስላስመለሱ አይሁዶች ነው» አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«እስቲ ንገሪኝ» አለችና መነጽሯን አወለቀች።

በተሰባበረ አማርኛዬ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። «እነዚያም የሚጽፍላቸው አግኝተዋል፤ ተመስገን» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ለእኔ ወንድሞች ግን ማንም አልጻፈላቸውም።»

ወንድሞች እንደነበሯት ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። ጓደኞቻችሁን አጋልጡ ሲባሉ እምቢ ብለው፣ ከታሰሩበት ሳይመለሱ የቀሩ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። አሳሳቃቸውን፣ የሚጣሉበትን ሸሚዝ፣ የክርስትና ስማቸውን ሳይቀር እስኪመሽ አጫወተችኝ።

ካረፈች በኋላ ቤቷን አስረክበናል። እሑድ ሲመጣ ግን እግሬ አሁንም ወደ ስቶቭነር ባቡር ያመራል።

በአርባዋ ቀን ቄሱ ስሟን ሊጠሩ ሲሉ ጠጋ ብዬ ሁለት ስሞች ነገርኳቸው።

«እነዚህ ደግሞ የማን ናቸው?» አሉኝ።

«የወንድሞቿ ናቸው፣ አባ።»

ከእሷ አስከትለው ጠሯቸው። እናቴ ከኋላዬ ስታለቅስ ሰማኋት።

እትዬ፣ እኔን መርጠሽ ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ።