በኪዳነ የአየር ቧንቧ የተናገርኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ ማንኮራፋቴን ሳይቀር ይቅር ብላኝ ሞታለች፤ ይህን ግን ለእሷም አልነገርኳትም።

የምኖረው ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ካስልሪጅ ሰፈር፣ ልጄ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። «አባዬ፣ እታች አይጨንቅህም?» ትለኛለች። አይ ልጄ! ጎረምሳ ሳለሁ አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ፣ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የሚቆፈርበት ከተማ ሠርቻለሁ። ሙቀቱ አላስቆም ስለሚል ሰው ሁሉ ኮረብታውን ፈልፍሎ ከመሬት በታች ይኖራል። መስኮት የለም፤ በጣሪያው ወደ ላይ የሚወጣ የአየር ቧንቧ ብቻ። ቀትር ላይ እንደ እኔ ካለ ቂል በቀር ውጭ የሚታይ የለም።

እዚያ ጎረቤቴ የነበረው ኪዳነ የአሥመራ ልጅ ነው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ተምሮ ከእኔ አሳምሮ ይናገራል። ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ሚስቱ ለምለም መንገድ ላይ ጠፍታበታለች። ሁልጊዜ ቀትር ላይ ተንበርክኮ «ጌታዬ፣ አንድ ቃል ብቻ ንገረኝ» እያለ ሲጸልይ ድምፁ በቧንቧው ወደ ውጭ ይሰማ ነበር።

እኔስ ምን አደረግኩ? እኔ የሰፈሩ ቀልደኛ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። አፌን ቧንቧው ላይ ደቅኜ፣ ድምፄን አጎርንኜ፣ «ኪዳነ! ለምለም ትመጣለች፤ እዚሁ ጠብቃት!» አልኩ። ደንግጦ ሲወጣ ልስቅበት ነበር። እሱ ግን እያለቀሰ መጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «ወንድሜ፣ ተናገረኝ!»

«እኔ ነኝ፣ አንተ ሞኝ» ማለት ማን ከለከለኝ? ማንም። «እልል በል!» አልኩት። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት።

እኔ ወደ ካናዳ መጣሁ፤ እሱ ቀረ። የወደደችውን ሴት እንቢ አለ። ኦፓሉ እየጠፋ ሰው ሲበተንም ከጉድጓዱ አልወጣም። አሁን አርጅቷል፣ ዓይኑም ፈዟል። የእህቱ ልጅ ቤቷ ልትወስደው ብትለምነው «ለምለም መጥታ ብታጣኝስ?» ብሏታል።

ባለፈው የበረዶ ወቅት ኮል አደረገልኝ። «አንተ ቀልደኛ፣ እስካሁን አልሞትክም?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «አንዳንዴ ዕድሜዬን በከንቱ ፈጅቼው ይሆን እላለሁ። የዚያን ቀን ፊቴን ያየኸው አንተ ነህ። እውነት ነበር፣ አይደል?»

«እውነት ነበር» አልኩት። እኔው፣ ሁለተኛ።

ተስፋውን ላለመቀማት ነው ብዬ ራሴን ላባብል ሞከርኩ። ውሸት! እንዳይጠላኝ ፈርቼ ነው። ጥርሴ ካለቀ በኋላ መወደድ አምሮኝ!

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን ምን በድዬ? የበደልኩት ሰው በሕይወት አለ፤ ስልኩንም በቃሌ አውቀዋለሁ። እኔ ግን ዛሬም እሱን ትቼ ለእናንተ ተናገርኩ።