ሞግዚት ፍለጋ ከባሌ አባት ጋር

ይህን ከመጻፌ በፊት ልጄን አስፈቀድኩት። «ጻፊ፣ ግን ስሜን አትጥሪ» አለኝ። እሱ ባይለኝም አልጠራም ነበር። የማንንም ስም አልጠራም፤ የተማርኩት ጥቂት ክፍል ቢሆንም ይህን ያህል አውቃለሁ።

ያኔ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ገና አይናገርም። ጆሮው ደህና ነው፤ ሲጠሩት ይዞራል፣ ያዘዙትን ያመጣል፤ ቃል ግን የለም። ሐኪሟ «ይመጣል፣ ታገሺ» ብላ ንግግር የምታለማምድ ሴት ዘንድ ላከችን። እኔን ያስፈራኝ ወሬው ነበር። እዚህ እስራኤል የኛ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። አንድ ሰው «ያ ዲዳው ልጅ» ካለ፣ ልጁ አፉን ቢፈታም ስሙ እስከ ሠርጉ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩን ከቤታችን ሰው በቀር ማንም አያውቅም። ደረጃ ላይ ጎረቤት ሲያናግረው «ያፍራል» ብዬ ብድግ አድርጌው እሄዳለሁ።

በዚህ መሀል ምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ። ልጄ ከጋን፣ ማለቴ ከሕጻናት መዋያው፣ የሚወጣው እኔ ሳልደርስ ስለሆነ ሞግዚት ያስፈልገን ነበር። ትልቋ ልጄ ወታደር ናት፤ ለሰንበት ስትመጣ ማስታወቂያውን በኛ ሴቶች የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ልትጽፍልኝ ተቀመጠች።

«ኢማ፣ አድራሻ?» አለችኝ፤ በዕብራይስጡ እማ ማለቷ ነው።

«አትጻፊ።»

«የልጁ ስም?»

«ምን ያደርግላቸዋል?»

«ፎቶስ?»

«ያምሻል እንዴ?»

«ቤሰደር፣ እሺ። እኛ ካምፕ መግባት ካንቺ ቤት ይቀላል» ብላ ሳቀችብኝ። መጨረሻ ላይ የተጻፈው «ረሆቮት፣ አንድ ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ» ብቻ ሆነ። የሚመጡትን ውጭ አገኛለሁ፣ የልጁን ነገር የምነግረው ለመረጥኳት ብቻ ነው ብዬ ቆረጥኩ።

የመጀመሪያዋ በስልክ ገና ሰላም ሳንባባል የቀድሞ አሠሪዎቿን የባልና ሚስት ጠብ ተረከችልኝ። ጨዋታዋ ይጥማል፤ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ከዚያ ዘጋሁት።

ሁለተኛዋን ሄርዝል ጎዳና ላይ፣ ክሊኒኩ ፊት ለፊት ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀጠርኳት። የባሌን አባት ለሐኪም ይዣቸው ወጥቼ ስለነበር አብረውኝ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጸሎት የማያጓድሉ። ልጆች ሊጋቡ ሲያስቡ ዘመድ መሆን አለመሆናቸውን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ ስለ ቤታችን ምንም እንዳይናገሩ፤ አደራ» አልኳቸው።

«እኔ ምን አገባኝ? ዝም ነው።»

ልጅቷ መጣች። ቀጭን፣ ፈገግተኛ፣ ከባቡር ጣቢያ በእግሯ የመጣች። ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች፤ ነገሩን ያበላሸው ያ ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

ነገረቻቸው።

«የአባትሽ አባትስ?»

ነገረቻቸው። ዓይናቸው በራ። «የወንዝ ማዶዎቹ! በይ የእናትሽን ወገን ንገሪኝ።»

ክንዳቸውን ጫን አደረግኩ፤ አልሰሙኝም። በትውልዱ ሲወጡ ሲወርዱ ቆይተው በየት በኩል እንደምንዛመድ አገኙት። በምላሹም የኛን ዘር፣ የባሌን ሥራ፣ የምንኖርበትን ሕንጻ ሳይቀር ዘረገፉላት። ቀጥለውም፣ «እንግዲህ የኛው ልጅ ነሽ። ትንሹ ምላሱ ዘገየ እንጂ መልአክ ነው» አሏት።

ክው አልኩ። ይባስ ብሎ የአባቷ እህት ማን እንደሆነች ሰማሁ። ሴትዮዋን የማያውቅ የለም፤ ወሬ እሷ ዘንድ ገብቶ ሳይወጣ አድሮ አያውቅም። «እንግዲህ እናስብበትና እንደውልልሻለን» ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ለመሆኑ እስካሁን ማን ቤት ነበርሽ?»

«አንድ ቤተሰብ ጋ፣ አባ።»

«የኛ ሰዎች ናቸው?»

«ሰዎች ናቸው።»

«ለምን ወጣሽ? ተጣላችሁ?»

«በደህና ነው የተለያየነው። ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፤ እትዬ ይደውሉላቸው። ሌላውን ከፈለጉ እነሱ ይናገሩ።»

«እኔ ሰባት ቤት ቆጥሬልሽ፣ አንቺ አንዱን ቤት ትደብቂኛለሽ?»

«ትውልዱን ይጨምሩልኝ፣ አባ። ቤቱን ግን አልነግርዎትም» ብላ ሳቀች።

ወደ እኔ ዞሩና፣ እሷ እየሰማች፣ «ይቺ እልኸኛ ናት፤ አትሆንሽም» አሉኝ።

ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ያኔ ነው የመረጥኳት።

ልንለያይ ስንል ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ስለ ልጄ አሁን የሰማሽውን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ምን ሰማሁ፣ እትዬ? ዘር ሲቆጠር ነው የሰማሁት።»

የቀድሞ አሠሪዋ በስልክ ብዙ መልካም ነገር ነገረችኝ፤ ልጅቷም ሥራ ጀመረች። ጎረቤት «ማናት?» ሲለን «ዘመዳችን ናት» እንላለን። ውሸት አይደለም፣ አባባ ቆጥረውታል። እሳቸውም ለካ ይወዷታል፤ ከሰዓት በኋላ ልጁን ይዛ እስክትገባ መስኮቱን አይለቁም። እኔ ግን ፍርሃት አልተወኝም። ገበያም ሆነ ሠርግ ላይ አክስቷን ባየሁ ቁጥር፣ ሰምታ ይሆን እያልኩ ዓይኗን አያለሁ።

ልጄ ቃላት መልቀም በጀመረበት ሰሞን፣ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ይህችው አክስት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። መያዣውን ጨበጥኩ።

«ሥራ ገባሽ አሉ። ልጁን ማን ይይዝልሻል?»

«አንዲት ዘመድ አለችን።»

«ታድለሽ! ዘመድ ማለት እንዲህ ነው። የኔዋ የወንድሜ ልጅ፣ ልጅ እይዛለሁ ትላለች፤ የት ነው ስላት ጭጭ። የማን ልጅ ነው፣ ጭጭ። ወንድ ነው ሴት? እሱንም አትናገር! እኔ እኮ አክስቷ ነኝ። ብትነግረኝ ለማን እናገራለሁ?»

«ለማንም» አልኳት።

«እኮ!»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ከመውረጃዬ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ ብቻዬን እየሳቅኩ በእግሬ ቤቴ ገባሁ።