ከጆንያው ሥር ስንት አለ

የተያዝኩ ቀን ጥዋት ሻሼን እንኳ በወጉ አላሰርኩም ነበር። በር አንኳኩ ብል ውሸት ነው። ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ያለው ቤቴ በሩ ቆርቆሮ ነው፣ ሲገፉት ይከፈታል። ገቡ። አንደኛው ፖሊስ እኔን አየ፣ ተከራዬን አየና "ሁለታችሁም" አለ። "ቁርስ አልበላንም" አልኩት። ሳቁ እንዳይመጣበት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ተከራዬ አገር ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበረች። ስብሰባ ላይ ተነስታ የማይነገር ተናገረች አሉ። እሷ "የሚነገረውን ነው የተናገርኩት" ትላለች። ሲፈልጓት ድንበር አቋርጣ መጣች። እንደሌሎቹ ልጆች ወደ የመን አትሻገርም፣ ባሕር ትፈራለች። እኔ ጓዳ ታድራለች፣ ከሰዓት ጫት ከአገር ቤት ሲገባ፣ እሱን የምሸጥበት ጠረጴዛዬ ጋ ቁጭ ብላ ዝንብ ታባርርልኛለች። በዚህ ነው እንግዲህ ፖለቲከኛ ደበቀች የተባልኩት። ፊደል የማልለይ ሴት፣ የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ የፖለቲካ እስረኛ ሆንኩ።

ያስገቡን ክፍል ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ ከዚያ በላይ ቀለም ያለቀባቸው ይመስላል። መስኮት የለውም። ከበሩ በላይ ፍርግርግ አለ፣ በእሱ የወደቡ ክሬን ሲንቋቋ ይሰማል። ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ውሃ አለ፣ ቅጠል ቢጨምሩበት ሻይ ይወጣዋል። ሲሚንቶው ራሱ ያልበዋል።

ጠባቂያችን ሶማሌ ነው። "ሆዮ" ይለኛል፣ እናቴ ማለቱ ነው። በማግስቱ ዳቦ ሲያቀብለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ዛሬ የስደተኛ ጉዳይ የምታይ ፈረንጅ ትመጣለች፣ የምታወራው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ልጅቷ ወደ አገሯ የምትመለሰው በምርጫዋ ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች። አዎ ከተባለች ግቢ ውስጥ መኪና ቆሟል፣ ዛሬውኑ ድንበር ያደርሳታል።

ለልጅቷ ስነግራት ዳቦው እጇ ላይ ቀረ።

"ድንበሩ ላይ የሚቀበሉኝ እነዚያው የሚፈልጉኝ ናቸው፣ እማማ" አለች።

 ጉልበቷን አቅፋ ፍርግርጉን ታያለች። በውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ትንፋሿ ይቆማል፣ ኮቴው ሲያልፍ ይመለሳል።  እንዲህ ሆና ፈረንጇ ፊት ብትቀርብ ስሟንም አታወጣው። የሆነ ነገር ላስለፍልፋት አልኩ።

"ስሚ፣ ይሄን መምረጥ የሚሉትን በእንግሊዝኛ አስተምሪኝ።"

"አሁን?"

"ቀጠሮ አለብሽ እንዴ?"

ትንሽ ፈገግ አለች። "ብዙ ነው፣ እማማ። ቹዝ አለ፣ ቾይስ አለ፣ ኦፕሽን አለ፣ ፒክ፣ ፕሪፈር፣ ኢሌክት..."

"ለአንድ መምረጥ ይሄን ሁሉ? ገበያቸው እንዴት ይመሻል?"

"አንድ አይደሉማ። ቆይ፣ በጫትዎ ልንገርዎት።"

እኔ ጫቱን ፀሐይ እንዳይመታው እርጥብ ጆንያ አለብሰዋለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ጆንያውን እገልጣለሁ። ዙርባውን፣ የጫቱን እስር ማለቴ ነው፣ ይነካል፣ ያሸታል፣ እንዳሰርኩት ያገላብጣል። ከፈታው ግን የራሱ ነው። እጁ ላይ አላስይዝም፣ ራሱ ያነሳል። ይሄ የጠረጴዛዬ ሕግ ነው።

"ጆንያውን ሲገልጡት ከሥር የተደረደረው ሁሉ ኦፕሽን ነው" አለች። "ማንም ባይነካውም አለ። ደንበኛው አይቶ፣ አስቦ፣ ይሄን ብሎ ሲወስን ቹዝ አደረገ። የመረጠው ደግሞ ቾይሱ ነው።"

"ፒክስ?"

"ፒክ ቀለል ያለ ነው። ብዙ ሳያስቡ አንዱን ብድግ።"

"የታክሲ ሾፌሮቹ ናቸው። ያኛውስ፣ ፕ ምናምን ያልሽው?"

"ፕሪፈር። እሱ የልብ ነው። ከዚህ ይልቅ ያንን እወዳለሁ ማለት፣ ባይገዙትም።"

"ጎረቤቴ ነዋ። ሲወድ ይውላል፣ ገዝቶ አያውቅም። ኢሌክትስ?"

"ድምፅ ሰጥቶ ሰው መምረጥ። ለሥልጣን።"

"እሱን ተይው አቦ። እዚህ ያመጣሽ እሱ ነው።"

አሁን በደንብ ሳቀች። 

"ከጆንያው ሥር አንዲት ዙርባ ብቻ ብትቀርስ?" አልኳት።

አሰበች። "ትቼው ልሂድ ካሉና ከሄዱ፣ እሱም መምረጥ ነው። አንድ ብቻ ቀርቶ፣ ሳትወስጂ አትሄጂም ካሉዎት ግን ኖ ኦፕሽን ነው። ይዘውት ቢሄዱም ቹዝ አላደረጉም።"

"ኖ ኦፕሽን" አልኩ። አስደገመችኝ። አስተማሪ አይደለች፣ ደግሞ አስደገመችኝ።

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ብድግ ብላ ፀጉሯን በጣቷ አበጠረች። ጠባቂው እሷን አላያትም።

"ሆዮ፣ አንቺ።"

"እሷስ?"

"አንቺ ብቻ ተብሏል።"

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰውዬ ጠበቀኝ። ድሬዳዋ ነው ያደገው፣ አማርኛው ከእኔ ይጥማል። አስተርጓሚው እሱ ነው። "ማዘር፣ ለፈረንጇ ልጅቷ አሟታል ብለናታል" አለኝ። "አንቺ አከራይዋ ነሽ። መመለስ መርጣለች፣ ነግራኛለች በይ። ጫቱ ሳይገባ ቤትሽ ትደርሻለሽ።"

"እምቢ ካልኩስ?"

"ማን አስገደደሽ? ምርጫው ያንቺ ነው።"

ፈረንጇ ሙቀቱ ፊቷን አቅልቶታል። ቬንትሌተሩ ወረቀቷን እያነሳባት በክንዷ ትይዛለች። ጠየቀች። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ "መርጣ ነው የምትመለሰው?" አለ።

"አልመረጠችም" አልኩ።

እሱ በእንግሊዝኛ ረዥም ነገር ተናገረ። ከመሃሉ "የስ" የምትለዋን ለየሁ። የስን ጅቡቲ ውስጥ የማያውቃት የለም። ፈረንጇ ጻፈች።

 መኪናው ውጭ ሞተሩን አስነስቶ ይንተከተካል። ልጅቷ ያስተማረችኝ ሁሉ ተደበላለቀብኝ፣ ፒክ ነው፣ ፕሪፈር ነው፣ ከየት ልያዘው። ብሳሳት ደግሞ በእኔ አፍ ሸኘኋት ማለት ነው። ዓይኔን ጨፈንኩና ጠረጴዛዬን አሰብኩ፣ ጆንያውን ገለጥኩ። ከሥር አንዲት ዙርባ አለች። ሰውዬው ከኋላዬ ቆሟል፣ ሳትወስጂ አትሄጂም ይላል።

ዓይኔን ገልጬ ፈረንጇን አየኋት። "ኖ ኦፕሽን" አልኩ።

"ማዘር፣ ዝም በይ" አለ ሰውዬው።

እጄን ወደ ክፍላችን ዘረጋሁ። "ገርል ኖ ኦፕሽን። ኖ ቹዝ።"

ፈረንጇ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እሱን ሳይሆን እኔን አየችኝ፣ ቆየች። ከዚያ አጭር ነገር ተናገረች። ሰውዬው ያን አልተረጎመልኝም። ጠባቂው ግን ወጥቶ ልጅቷን ይዟት መጣ። አልታመመችም፣ በእግሯ ነው የገባችው።

እኔን ኮሪደር አስወጡኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ድምፅዋን በበሩ እሰማለሁ። መጀመሪያ ቀጠነ፣ ተቆረጠ፣ የጠፋ መሰለኝ። የሞተሩ ድምፅ ይበልጣታል። ከዚያ ቀስ በቀስ እኔን ስታስደግመኝ እንደነበረው ሆነ። ምን እንዳለች አላውቅም። የማውቀው፣ እያወራች ሳለ ውጭ ያለው ሞተር ጠፋ። ያኔ ነው እግሬ መሬት መንካቱ የታወቀኝ።

ጫቱ ሳይገባ ቤቴ አልደረስኩም። ሰውዬው "የመረጥሽው ነው" ብሎኝ አለፈ፣ እኔም እዚያው ክፍል ከርሜ ነው የተፈታሁት። ልጅቷን ከከተማ ውጭ ያለው የስደተኞች መጠለያ ወሰዷት። እዚያ ልጆች ታስተምራለች። ከተማ ስትመጣ ጠረጴዛዬ ጋ ቁጭ ብላ ዝንብ ታባርራለች። አሁንም ትፈትነኛለች፣ እኔም አሁንም ፕሪፈርን እሳሳታለሁ፣ ሆን ብዬ።

አንዳንድ ቀን ማምሻውን አንዲት ዙርባ ትቀራለች። ድሮ ከጆንያው ጫፍ ሥር አሾልኬ፣ ገና ብዙ ያለኝ አስመስዬ ነበር የምሸጣት። አሁን ጆንያውን ሙሉ በሙሉ አነሳዋለሁ። ደንበኛው ባዶውን ጠረጴዛ ያያል። "ይቺው ናት" እለዋለሁ፣ "ካልፈለግክ ሂድ፣ አልቀየምም።"

አንዳንዱ ይሄዳል። መንገዱን እስኪሻገር ጀርባውን አየዋለሁ። ደስ ይለኛል።