ለዳኛ የተቀመጠ ቁስል

ከሥራ ወጥቼ አቃቂ በሰቃ ታክሲ ስጠብቅ ነው የያዙኝ። ነርስ ነኝ፤ ነጭ ጋዎኔን በፌስታል እንደያዝኩ መኪና ላይ ጫኑኝ። ፌስቡክ ላይ ስለጻፍኩት ነገር ነው አሉ።

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። ላብና የሽንት ባልዲ እንደሚኖር ጠብቄ ነበር። ከእነሱ በላይ ግን መግል ይሸታል። ይህን ሽታ ከሥራዬ አውቀዋለሁ፤ እዚህ ውስጥ ሰው እየበሰበሰ ነው አልኩ በልቤ።

በሩ ጥግ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራበት በፊት ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ስለ መሬታቸው ስብሰባ ላይ ተናግረው ታሰሩ። ሲይዟቸው በዱላ የመቱት ቅልጥማቸው ተተርትሯል። ቁስሉን በላስቲክ ጠቅልለውታል።

«አባባ፣ ነርስ ነኝ። ልየው?»

«ማየቱን እይ። እንዳትነካው ግን።»

ላስቲኩን ገለጥኩት። ዙሪያው ቀልቷል፣ አብጧል፤ እጄን ጠጋ ሳደርግ ሙቀቱ ይሰማኛል። ቅላቱ ወደ ጉልበታቸው እየወጣ ነው። ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት አለ፤ ትኩሳትም ይዟቸዋል።

«መድኃኒት አልሰጡዎትም?»

ከኮታቸው ኪስ እፍኝ ሙሉ ካፕሱል አውጥተው አሳዩኝ። አንዱንም አልዋጡትም።

«ዳኛው ይየው ብዬ ነው» አሉ። «ባለፈው ቀጠሮ ልናገር ስል በሚቀጥለው ይናገራሉ አለኝ። ይኸው እየጠበቅኩ ነው። ከዳነማ ምን አሳያለሁ?»

«ጠባሳው ይቀራል።»

«ጠባሳማ የድሮ ነው ይሉኛል፣ ልጄ።»

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ግን እስካሁን አላውቅም። ቁስል ተሸፍኖ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። እብጠቱም ሙቀቱም ገላ ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ትግል ነው። ቆሻሻው ከተጠረገለት አዲስ ሥጋ ከሥር ይሞላል፣ ቆዳውም ከዳር ወደ መሀል እየመጣ ይዘጋዋል። ካልተጠረገለት መርዙ ደም ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ እየለመንኩ ነገርኳቸው።

«እርስዎ ከሞቱ ዳኛው ምን ያያል?» አልኳቸው በመጨረሻ።

ማዶ የተጋደመ የታክሲ ሾፌር ቀና አለ።

«አባባ፣ እኛ እንየዋ! እኛም እኮ ሰው ነን። ከጠየቁን እንመሰክራለን።»

ብዙ አሰቡ። «እሺ» አሉ ኋላ። «በደንብ እዩት ግን።»

ቦታው ጠባብ ስለሆነ ተራ በተራ እየተነሣን፣ ጎንበስ እያልን አየነው። ሽታው የከበዳቸው ነበሩ፤ አፍንጫውን የያዘ ግን የለም። ያየ ሁሉ «አይቻለሁ» ይላቸዋል። እሳቸውም ለእያንዳንዱ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። የመጨረሻው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ለሻይ በፔርሙዝ በገባ ፍል ውሃ ጨው በጥብጬ፣ ጋዎኔን ቀድጄ አጠብኩት። የበሰበሰውን ስጠርግ የኮታቸውን ክሳድ ነክሰው ቻሉት። ካፕሱሉንም በሰዓቱ ይውጡ ጀመር። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ቀስ በቀስ ቀይ ሥጋ ሞላ።

ቀጠሮው ተላለፈ፤ እንደገናም ተላለፈ። ሲጠሩ ቁስሉ ተዘግቶ ነበር። ሱሪያቸውን ከፍራሽ ሥር ዘርግተው ስለተኙበት የተተኮሰ ይመስላል። የሚደግፋቸው ሰው አልፈለጉም፤ በእግራቸው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ሁላችንም ተነሣን።

«ምን አሉ፣ አባባ?»

«አሳየሁት። የድሮ ጠባሳ ነው አሉ።»

እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም፤ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

«ቆሜ ነው የሰማኋቸው ግን» አሉና እጄን ያዝ አደረጉኝ።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዷቸው። ወሬያቸውን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። እኔ ተፈትቼ ሥራዬ ላይ ነኝ። ቁስለኛ ሲመጣልኝ ከማጠቤ በፊት ቆም ብዬ አያለሁ፤ ባልደረቦቼ ቀርፋፋ ሆንክ ይሉኛል። ለምስክርነት እስከ ዛሬ የጠራን የለም። ሌሎቹ የት እንዳሉም አላውቅም። እኔ ግን ሳልጠራ እናገራለሁ፦ ቁስሉ አዲስ ነበር። አይቻለሁ።