ባንቴና የአምቡሊ ደረጃዎች

ባንቴ ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ጠጠር በገልባጭ መኪና ሲያመላልስ አስራ አንድ ዓመቱ ነው። ከሚስቱ ከፀዳል ጋር ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ሲንከራተት ኖሮ፣ ዘንድሮ ወንዙ ዳር የቆርቆሮ ቤት ሊቀልስ ቆረጠ። ጭንቁ አንድ ነው፤ የት?

የወንዙ ዳር ደረጃ ደረጃ ነው። ታችኛው ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ለመንገድም ቅርብ። ላይኛው ኮረኮንች ነው፤ ውሃም ሽቅብ መሸከም አለ።

«አቦ፣ ታች ትከል!» አለው ባለሱቁ ሙጠሊብ፣ ጫቱን ጉንጩ ውስጥ ወትፎ። «ወንዙ እኮ ሞቷል። ሬሳ ትፈራለህ እንዴ?» ሙጠሊብ የማያውቀው ነገር የለም፤ ሚስቱ ስለ እሱ ከምታወራው በቀር።

ባንቴም ታች ለምሰሶ መቆፈር ጀመረ። በዚያው ሰሞን ዓዚዛ የምትባል የድሬዳዋ ሰዎች ልጅ፣ የድንጋይ ተመራማሪ፣ ጠጠር ጫኞች የናዱትን ገደል ትለካ ነበር። ድንጋይ ትልሳለች! ባንቴ እሷን እያስመሰለ ሰፈሩን በሳቅ ገድሎታል፤ ጠጠር ከንፈሩ ላይ ያደርግና «እምም፣ ጨው ያንሰዋል» ይላል።

አንድ ቀን ግን ጠየቃት። «እህቴ፣ ይሄን ደረጃ ማን ሠራው?»

«ወንዙ ራሱ። ድሮ ዝናቡ ሲቀያየር ጠጠር እያመጣ ወለሉን ሞላ። ከዚያ ምድሩ ከሥር ተገፍቶ ከፍ ሲል፣ ወንዙ የገዛ ወለሉን ቆርጦ ወረደ። አሮጌው ወለል ከላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ደግሞ ሞላ፣ ደግሞ ቆረጠ። ስለዚህ ላይኛው ሽማግሌ ነው፣ ታችኛው ልጅ።»

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«እሱን ቆፍረህ እየው፣ ወንድሜ።»

ባንቴ ቆፈረ። አንድ ክንድ እንደወረደ፣ ከድቡልቡሉ ጠጠር ሥር አካፋው የላስቲክ ነጠላ ጫማ ይዞ ወጣ። ሰው እንዳልቀበረው ያስታውቃል፤ በላዩ ያለው ጠጠር ተደራርቦ የተኛ፣ ያልተነካካ ነው። ጎርፍ ነው ያለበሰው።

«ልክህ ነው? ለካው እስቲ!» አለ ቁፋሮውን ሊያይ የመጣው ሙጠሊብ።

አብራው የነበረችው ፀዳል ጫማውን ተቀብላ አገላበጠችው። የሕፃን ነው።

«ሬሳ ያልከው ወንዝ በኛ ዕድሜ ተነስቶ ሄዷል፣ ሙጠሊብ» አለች። «ባንቴ፣ ምሰሶውን ሰብስብ። ላይ እንወጣለን።»

«ውሃውን ማን ይሸከማል?»

«አንተ።»

ቤታቸው አሁን ላይኛው ደረጃ ላይ ነው። ባንቴ ጉድጓዱን አልደፈነውም። ታች ቦታ የሚያማርጥ ሰው ሲያይ ይጠራውና እጁን ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ብብቱ ያስከትተዋል፤ «ዳብስ፣ ዳብስ፤ ጫማው ከዚህ ሥር ነው የወጣው» ይለዋል።