ከአውሮፕላኑ የሚዘገይ ድምፅ

አባቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎም መሃል አይጠፋም ስንጥር» እያለ ነው ያሳደገኝ። በደርግ ጊዜ ምክሩ ዋና ሥራዬ ሆነ። የምንኖረው ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ የቆርቆሮ አጥር ግቢ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ኢምፔሪያል የሚባለው ሰፈር ያኔ እርሻ ነው። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ባለቤቴ ከወለጋ የመጣች፣ ጸሎት ቤቷ የታሸገባት ጴንጤ ናት። እኔ ደግሞ በጥምቀት ኦርቶዶክስ፣ በጠባይ ማንንም የማላምን ሰው ነኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሴቶች ሰርቪስ ቤታችን ውስጥ ይሰበሰባሉ። ለሚጠይቅ ሰው ዳንቴል እየተማሩ ነው፤ ኪሮሹና ክሩ ጭናቸው ላይ አለ። ጸሎቱን በሹክሹክታ ያደርሱታል፤ መዝሙሩ ግን በሹክሹክታ አልሆን አላቸው። ስለዚህ አውሮፕላን ይጠብቃሉ። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ጣሪያችንን ማንቀጥቀጥ ሲጀምር በሙሉ ድምፃቸው ይዘምራሉ፣ ሲርቅ ዝም ይላሉ። ችግሩ ባለቤቴ ናት። አንዴ ዓይኗን ከጨፈነች አውሮፕላኑ ደብረ ዘይትን አልፎም እሷ አዝማቹን አልጨረሰችም። አንድ ቀን ወስደው ያስሩብኛል እያልኩ፣ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቼ፣ የፈተና ወረቀት የማርም መስዬ እጠብቃለሁ።

የምጠብቃት በተለይ ከጎረቤታችን ነበር። ሰውየው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ በቀበሌው የውይይት ክበብም አወያይ ነው። እሑድ እሑድ አዳራሽ ቆሞ ቁስ ቀዳሚ፣ ንቃተ ህሊና ተከታይ እያለ ያስተምረናል። በሥራ ቀን ግን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ተቃራኒውን ይነግረኛል። አንጎል ሬዲዮ ነው ይላል፤ ህሊና ደግሞ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሞገድ። እሱ ከፈታታቸው ሬዲዮዎች ውስጥ አንድም ዘፋኝ አላገኘም፤ እኔም እንቁራሪት ቀድጄ ነፍስ ስላላገኘሁ ብቻ የለችም ማለት አልችልም ይለኛል። ሰው በጸሎትና በጽሞና ሲያድግ የሚያድገው አቀባበሉ ነው፤ ጥርት ያለ ጣቢያ መያዝ ይጀምራል። ሳይንስም አንድ ቀን ይደርስበታል ብሎ ያምናል፤ ወይም ያመነ ይመስላል።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ታዲያ ለምን ጠባዩ ይለወጣል ብዬ ጠየቅሁት። የተመታ ሬዲዮም ያፏጫል አለኝ። መልሱ ደስ ስላለኝ ይበልጥ ጠረጠርኩት። ሁለት ትምህርት ያለው ሰው አንዱን ለአዳራሹ ከያዘው፣ ሌላውን የያዘው እኔን ለማስለፍለፍ መሆን አለበት። ስለ ነፍስ የማስበውን በጠየቀኝ ቁጥር ስለ ዝናቡ እመልስለታለሁ።

ጥርጣሬዬን ያጸናው ግን ሬዲዮው ነው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ልክ አውሮፕላኑ ርቆ የባለቤቴ ድምፅ ብቻውን ሲቀር፣ አጥሩ ሥር ያስቀመጠው ትልቅ ሬዲዮ በወታደር ማርሽ ያምባርቃል። ለአብዮት ጥበቃዎቹ ምልክት መስጠቱ ነው አልኩ። ጉባኤው ለጊዜው ይቅር ብዬ ባለቤቴን ለመንኳት።

«አንተ ሰውን ትጠረጥራለህ ብዬ እኔ እግዜርን ልጠርጥር?» አለችኝ።

አንድ እሑድ በክበቡ ሂስና ግለሂስ ሆነ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሐሙስ ሐሙስ ከሰፈራችን ስለሚሰማ ድምፅ አቤቱታ ቀርቧል አለ። ጎረቤቴ ተነሣ። አለቀልን አልኩ፤ እስር ቤት ምን ዓይነት ጋቢ እንደማስገባላት ሳይቀር አሰብኩ። ለካስ የተከሰሰው እሱ ነው፤ ሬዲዮ እያስጮኸ ሰፈሩን ረብሿል ተባለ። ለምን ሲሉት፣ ጆሮው መድከሙን ተናገረ። በአጥር ማዶ ስተነፍስ የሚሰማኝ ሰው ጆሮዬ ደክሟል ሲል ቀና ብዬ አየሁት። ጥፋቱን ተቀበለ፣ ሁለተኛ እንደማይደግምም ቃል ገባ።

ስንወጣ ከጎኔ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ «መምህር፣ የባለቤትዎ ድምፅ ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን ሁልጊዜ ከአውሮፕላኑ ይዘገያል። ከእንግዲህ እኔ ልሸፍናቸው አልችልም፤ ይንገሯቸው።»

ቤት ገብቼ ነገርኳት። አለቀሰች፤ ሐሙስ ግን አይቀርም አለች። እኔማ ማስጠንቀቂያውንም ጠረጠርኩ። ወጥመድ ቢሆንስ፣ ሬዲዮውን አጥፍቶ ሊያስይዛት ቢሆንስ እያልኩ እስከ ሐሙስ ድረስ ቀን ቆጠርኩ።

ሴቶቹ ዳንቴላቸውን ይዘው መጡ። አውሮፕላኑ ተነሣ፣ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ፣ ድምፁም እየራቀ ሄደ። የእሷ ድምፅ እንደ ልማዱ ብቻውን ቀረ፤ ከመንገዱ ማዶ የአብዮት ጥበቃዎቹ ንግግር ይሰማኛል። የማርመውን ወረቀት መሬት ላይ ጣልኩት። የራሳችንን ሬዲዮ አውጥቼ አጥሩ ሥር አስቀመጥኩና፣ የሚቀጥለው ሂስ የእኔ መሆኑን እያወቅሁ፣ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ጣቢያውን ስቶ ያፏጭ ጀመር። ቁልፉን ወዲያና ወዲህ ባዞረው አልያዝ አለኝ።

«ትንሽ ወደ ግራ፣ መምህር» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ።

ወደ ግራ አዞርኩት።