ውሻዬን ያስጾምኩበት ሳምንት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የዐቢይ ጾም መያዣ ላይ፣ እዚሁ እንጅባራ ነው። ጠንቃቃ ሴት ነኝ ብዬ የምኮራውን እኔን ስላሳፈረኝ አልረሳውም።

ቡቺ የሚባል ያረጀ ውሻ አለኝ። የስኳር በሽታ ሲገኝበት የእንስሳት ሐኪሙ ከመርፌው ጋር ምግቡን እንድመርጥለት አዘዘኝ። ስብ የሌለው የተቀቀለ ሥጋ ከጎመን ጋር፣ ሁልጊዜ በአንድ ልክ፣ በአንድ ሰዓት። ድንችና ዳቦ ይቅርበት አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከሃያ ዓመቴ በኋላ ነውና የተጻፈ ነገር አከብራለሁ። ሁሉንም ደብተር ላይ አስፍሬ፣ ምግቡን በሲኒ እየለካሁ ሰጠሁት። ቡቺም አገገመ።

ጾሙ ገባ፤ የምገዛበት ሥጋ ቤት ተዘጋ። እኔም ቤቱ ከጾመ ውሻውም አብሮ ይጾማል ብዬ ድንችና ሽሮ የነካው እንጀራ ሰጠሁት። እናቴ ቤት ሳድግም ውሻችን እንዲሁ ይጾም ነበር። በአምስተኛው ቀን ቡቺ ውሃ ቢጠጣ ቢጠጣ አልረካ አለ። ከዚያ እግሩ ከዳው።

በባጃጅ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ከረዳው በኋላ ደብተሬን አገላበጠ።

«እትዬ፣ ሁሉን ጽፈዋል። ይጹም የሚለውን ከየት አመጡት?»



በማግስቱ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ ወደ ሙስሊም ሥጋ ቤት ሄድኩ። ባለ ሥጋ ቤቱን «ለውሻ ነው» አልኩት።

«በዚህ ወር የሚመጣው ሁሉ ለውሻ ነው የሚለኝ» አለና ሳቀ። ግን ስቡን አንድ በአንድ አንስቶ ሰጠኝ።

ለብቻው በገዛሁት ድስት ጓሮ ቀቀልኩት። ሽታውን ግን አጥር አይመልሰውም። ጎረቤቴ እማማ የሺ ነግረዋቸው ኖሮ በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ መጡ።

«ልጄ፣ ጾሙ ከበደሽ እንዴ?»

ድስቱን፣ መርፌውን፣ ደብተሩን አሳየኋቸው። ያስጾምኩትንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ውሻ የንስሐ አባት የለው፤ ማን ጹም አለው?» ከዚያ ቆጣ አሉ። «ለታመመ ሰው እንኳ ይፈቀዳል። እንስሳውን በከንቱ አሠቃየሽው።»

በነጋታው እማማ የሺ በአጥሩ በኩል እንቁላል አቀበሉኝ።

«ዶሮዎቼ ጾም አያውቁ፤ የሚበላው ጠፍቶ ተከማቸ። ለሕመምተኛው ይሆነው እንደሆነ ብዬ ነው።»

ሐኪሙን ደውዬ ጠየቅኩት። ከሥጋው ቀንሼ በምን ልክ እንደምተካ ነገረኝ፤ ጻፍኩት። እማማ የሺ ስለ ወሬው ምንም አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም።

የእነዚያ አምስት ቀናት ነገር አሁንም ይቆጨኛል። ቡቺ ግን ዓይኑ ቢደክምም አለ፤ ከሰዓቱ በፊት ሰሃኑ አጠገብ ተገትሮ ይጠብቀኛል። እማማ የሺም በደጃችን ባለፉ ቁጥር «ሕመምተኛው በላ?» ይላሉ። «በልቷል፣ እማማ» ብዬ ስመልስ ቀኑን ሙሉ ልቤ ደስ ብሎት ይውላል።